የነጂሃ ቁጥር

በ2061 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ አንድ ባጃጅ የቀኝ ጎኑ ጠርዝ ሳይቀባ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ባጃጆች ሾፌር ካጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቀለም ግን አላጡም። ሰው ከዚያ ሁሉ መንጋ መካከል የራሱን ባጃጅ ለይቶ የሚያውቀው በሥዕሉ ስለሆነ አንዱ ጣዎስ፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ደግሞ አይቶት የማያውቀውን ባሕር ያሥልበታል። ከሠዓሊዎቹ ሁሉ ተፈላጊዋ ነጂሃ ዩሱፍ ነበረች። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት መስማት አቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ወደ እሷ የሚገባው በዐይኗ በኩል ነው።

ባለቤቱ ባጃጁን ዞሮ አየና፣ «አቦ ነጂሃ፣ የጣዎሱ ጭራ የት ገባ?» አላት።

ነጂሃ ጥያቄውን፣ የሰው ንግግር በጽሑፍ ከሚወጣበት የእጅ አንጓዋ ሰሌዳ ላይ አነበበች። ባጃጁን አየች፤ ጭራው ያለ መሰላት። አንገቷን ወደ ቀኝ ስታዞር ነው ባዶው ቆርቆሮ የታያት። «ነገ እጨርሰዋለሁ» አለች በእጇ። በአንገቷ ላይ የተንጠለጠለው፣ አንደበት የሚሉት መሣሪያ ምልክቷን ወደ ድምፅ ለውጦ፣ «ነገ እጨርስልዎታለሁ» አለ። አንደበቱ ሁሉንም ሰው አንቱ እንዲል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከባሏ ጋር ስትጣላ እንኳ «እርስዎ ግትር ነዎት» ይልላታል። ሰዎች ድምፅሽ ያምራል ይሏታል። እሷ ሰምታው አታውቅም።

ከጣዎሱ ጭራ ቀጥሎ የጠፋባት የባሏ ንግግር ጫፍ ነው።

ባሏ ሙክታር ሰሚ ነው፤ ከቤታቸው ጥግ ላይ ዳቦ ቤት አለው። የምልክት ቋንቋ የተማረው እሷን ሊያገባ ሲል ነው። ጉልምስና ላይ የተማረው ቋንቋ ስለሆነ የዱቄት ከረጢት እንደሚያነሣ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሰፊ ቦታ ይዞ ያወራል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ስለ ሐረር ነገራት፤ በነጋታው ነጂሃ ልብሱን በሻንጣ ከትታ በሩ ላይ አስቀመጠችለት።

«የት ልሂድ ብዬ ነው?» አለ ሻንጣውን እያየ።

«ሐረር። ትናንት ነግረኸኝ የለ?»

«አልሄድም ነው ያልኩሽ!»

«አላልክም።»

«ብያለሁ፣ ዋላሂ!»

ደገመላት። ‹ሐረር› የሚለው ከደረቱ ፊት ስለተሠራ ታያት። ‹አልሄድም› ሲል ግን እጁ ወደ ውጭ ሄደ፤ ሄዶም ግድግዳ ውስጥ የገባ ይመስል ጠፋ። ነጂሃ እጁ የጠፋበትን ባዶ ቦታ ለጥቂት ጊዜ እያየች ቆመች። ከዚያ፣ «እንደገና በልልኝ» አለችው። ሙክታር ደገመላት። እንደገና ጠፋ። በዚያው ቀን ሻንጣውን ሳይፈቱት ወደ ዐይንና አእምሮ ሕክምና ማዕከል ሄዱ።

ማዕከሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ነች፤ ድሬ ከመጣች ጀምሮ ከበሽተኞቿ ጋር አንቱታ የተወች፣ ፈጣን ንግግር የምትወድ ሴት። ምርመራው ብዙ አልቆየም።

«ከአፍንጫሽ በስተኋላ፣ ከአንጎልሽ ሥር እጢ አለ» አለቻት። «ካንሰር አይደለም። ወይን ፍሬ ቢያህል ነው። ግን የሁለቱ ዐይኖችሽ ነርቮች የሚሻገሩበት ቦታ ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ለዚህ ነው ግራና ቀኝ የጨለመብሽ። በአፍንጫ ገብተን እናወጣዋለን።»

«ከወጣ በኋላ አያለሁ?»

ዶክተር ትርሲት ግድግዳው ላይ ወደሚወጣው ውጤት ዞራ አየች። «ቁጥርሽ ሠላሳ አንድ ነው» አለች።

በእነዚያ ዓመታት ያለ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው አልነበረም። የነርቭ ውፍረት ይለካል፤ ጨለማው የቆየበት ጊዜ፣ ዕድሜና የእጢው መጠን ይገባል፤ ከዚያ ማሽኑ እንዳንተ ካሉ መቶ ሰዎች ስንቱ ዐይናቸው እንደተመለሰ ይናገራል። ሃምሳና ከዚያ በላይ ያለው አጭሩ ሰልፍ ውስጥ ይገባል፤ በወሩ ይሠራለታል። ከሃምሳ በታች ያለው ረጅሙ ሰልፍ ውስጥ ይገባል፤ ስምንት ወር ይጠብቃል። ሕጉን ክፉ ሰው አላወጣውም። የቀዶ ሕክምናው ክፍል አንድ ነው፤ በሽተኛው ደግሞ ከሐረር እስከ ጎዴ ነው።

ቁጥሩ ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ወዲያውኑ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይላክ ስለነበር የባጃጅ ቀቢዎች ማኅበር በማግስቱ ከተረኞች አወጣት። ከቀበሌ አንዲት ትሑት ሴት መጥታ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት በግድግዳው ላይ ገመድ ዘርግታ ሄደች። ጎረቤቶች ስኳር ይዘው መጡ፤ ዝም ብለው ተቀምጠው ጥቂት ቆይተው ተነሡ። ከሁለት ቤት በታች ያለው ሽማግሌ ዐይኑ ላይ ሰባ ስድስት ወጥቶለት ስለነበር እነዚያው ሰዎች ከነጂሃ ቤት ወጥተው እሱን «እንኳን ደስ ያለህ» ሊሉ ሄዱ።

«ገና አያለሁ» አለች ነጂሃ ሙክታርን። «ገና እያየሁ ለቅሶ ተቀመጡብኝ።»

ማዕከሉ ደግሞ መነጽር ሰጥቷቸው ነበር። የነገ መነጽር ይባላል። ያደረገው ሰው ከዓመት በኋላ በሽተኛው እንዴት እንደሚያይ ያያል፤ ቤተሰብ እንዲለምድ ተብሎ ነው የሚሰጠው። ነጂሃ አልነካችውም። ሙክታር ግን አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የመጨረሻውን ዳቦ ካወጣ በኋላ፣ አደረገውና ፊቷ ተቀመጠ።

«አውሪኝ» አላት።

«ምን ላውራህ?»

«የፈለግሽውን።»

ስለ ጎረቤታቸው ፍየል አወራችው። ፍየሏ የተሰጣ በርበሬ በልታ እስከ ደቻቱ ወንዝ ድረስ እየጮኸች ሮጣ ነበር። ነጂሃ ወሬ ታውቅበታለች፤ እጇ ፍየሏን ይሆናል፣ በርበሬውን ይሆናል፣ የባለቤቷን ሩጫ ይሆናል። ሙክታር ያየው ግን ጭጋግ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ ብቅ እያሉ የሚጠፉ ጣቶችን ነው። ፍየሏ ተነሣች፣ ጠፋች። በርበሬው ታየ፣ ሄደ። ነጂሃ ስትስቅ አየ፤ በምን እንደሳቀች አላወቀም። መነጽሩን አውልቆ ወደ ዳቦ ቤቱ ወጣ፤ ሲመለስ ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ ሁለቱን ክርኖቹን በከረጢት ገመድ ከጎኑ ጋር አስሮ ሥራ ገባ። ዳቦ ገዢዎቹ ሳቁበት። እሱ ግን እንደታሰረ ከአገጩ ሥር፣ በመዳፍ ስፋት ውስጥ፣ ቃላቱን ማሳነስ ይለማመድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተደበላለቀበት፤ ‹ዱቄት› ሊል ‹እናት› አለ። እያደር ግን ንግግሩ ጽሑፍ የሚያህል ደቃቅ ሆነ። ለነጂሃም አንድ ሙሉ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያት።

«እጅህ ጨዋ ሆነ» አለችው።

«ታስሮ እየዋለ እንዴት ጨዋ አይሆን» አላት፤ ሳቀች።

ድሬ በዚያ ዘመን ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት በሙቀቱ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ትዘጋለች፤ መስኮቶች ተዘግተው ቤቱ ይጨልማል። በዚያ ጨለማ ውስጥ እጅ በእጅ ላይ ማውራትን ሊለማመዱ ሞከሩ። እሱ በመዳፏ ላይ ይናገራል፣ እሷ በመንካት ታነባለች። ጥቂት ቀን ቆየችና እጇን ነጠቀችው። መስኮቱን ከፈተች።

«ተቆጣሽ?» አላት።

«እኔስ አልተቆጣሁም። ‹እሺ› አልከኝ። ተቆጥተህ ይሁን ስቀህ ይሁን እንዴት ልወቅ? ፊትህ የለም።»

ከወር በኋላ ለክትትል ተመለሱ። ጨለማው ወደ መሀል ገብቷል። ሙክታር ውጤቱን ሲሰማ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ ከስምንት ወር በኋላ ቁጥሯ ስንት ይሆናል?»

«ይወርዳል።»

«ታዲያ ለምን ትጠብቃለች?»

«ቁጥሯ ዝቅተኛ ስለሆነ።»

ዶክተር ትርሲት ይህን መልስ ለብዙ ሰው ሰጥታ ታውቃለች፤ ስትሰማው ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። ተነሥታ በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ ነጂሃ አስጠጋች።

«ልንገራችሁ» አለች። «ማሽኑ አይዋሽም። ግን የሚያውቀው እኛ ያሳየነውን ብቻ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ሁሉ እናስጠብቃለን። ሲጠብቅ ነርቩ ይደርቃል። ከዚያ ሠርተንለት አላየም እንላለን፤ ማሽኑም ‹አላልኳችሁም?› ይላል። በጊዜ የተሠራለት ዝቅተኛ ሰው አንድም የለንም። ሁለት ጊዜ ለኮሚቴው አመለከትኩ። ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ማስረጃው ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሰልፍ ላይ ነው።»

ነጂሃ የእጅ አንጓዋን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች። «ኮሚቴው የት ነው?»

የሰልፍ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዳምጠው ይባላሉ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሌሎቹ ሁለት አባላት ከሩቅ ከተማ ሆነው ምስላቸው በግድግዳው ላይ ወጥቷል። አቶ ዳምጠው ሻይ አዘዙላቸው።

«ይህ ሰልፍ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ቀድሞ የሚታከመው ዘመድ ያለው ነበር» አሉ። «ዘመድ የሌለው በሩ ላይ ይታወራል። ቁጥሩን ስናመጣ አልቅሻለሁ፤ ዘመድ ስለማያውቅ። አሁን ለአንቺ ባዘንኩ ቁጥር አንድ ቀዳዳ እከፍታለሁ፤ ነገ በዚያ ቀዳዳ ማን እንደሚገባ አውቃለሁ። ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ቁጥሯ ሰባ ሁለት የሆነ ልጅ ናት። እሷን ምን ልበላት?»

«ሦስት ሳምንት ጠብቂ ይበሏት» አለች ዶክተር ትርሲት። «ነርቯ ወፍራም ነው፤ ሦስት ሳምንት አይጎዳትም። ነጂሃን ግን ይጎዳታል። መጠበቅ የሚችለውን አስቀድመን፣ የማይችለውን ነው የምናስጠብቀው።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም።»

አቶ ዳምጠው እጃቸውን ዘረጉ፤ በቃ እንግዲህ የሚል ነበር። ያኔ ነጂሃ አንደበቱን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ለሙክታር ‹አንተ ተናገርልኝ› አለችው። ሙክታር ጉሮሮውን ጠረገ። እጇ ሲንቀሳቀስ እሱ ተናገረ።

«ዐይኑ የጠፋበትን ሰው ሚስቱ ስሙን ትጠራዋለች። ያኔ ቤቱ እንዳለ ያውቃል። የኔ ዐይን ከጠፋ ግን ማንም አይጠራኝም። ቁጥሩ ውስጥ ይህ አለ?»

«የለም» አሉ አቶ ዳምጠው። «ግን እኮ በቆዳ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አለ። መንግሥት ይሰጥሻል።»

«አውቀዋለሁ። ፊደሉን ይጽፍልኛል። ባሌ ሲቀልድ ቅንድቡ እንዴት እንደሚነሣ አይጽፍልኝም። ‹ነይ› ሲለኝ ፈርቶ ይሁን ናፍቄው...» ሙክታር እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ነጂሃ እጇን አንሥታ ጠበቀችው። አቶ ዳምጠውም ጠበቁት። «...ናፍቄው ይሁን አላውቅም። አያለሁ አልልም። ከመቶ ስድሳ ዘጠኙ አያዩም ብላችኋል፤ ከእነሱ ልሆን እችላለሁ። የማላይ ከሆነ ግን ተሞክሮልኝ ይሁን። ሰልፍ ላይ ቆሜ አይሁን።»

አቶ ዳምጠው ሻያቸውን አማሰሉ፤ አልጠጡትም። ግድግዳው ላይ ካሉት ሁለት ሰዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ ነጂሃ ዞሩ። ዐይኗ የት ድረስ እንደሚያይ ያላወቁ ይመስል ፊታቸውን በጣም አስጠጉ።

«በዘመድ አይደለም የማስገባሽ። በጥናት ነው። ውጤትሽ ጥሩም ሆነ መጥፎ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። መጥፎ ከሆነ፣ ከኋላሽ በሚመጣው ሰው ላይ በር ዘግተሽበት ትሄጃለሽ። ገባሽ?»

ሙክታር በመዳፉ ስፋት ውስጥ ተረጎመላት። ነጂሃ ራሷን ነቀነቀች።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከማደንዘዣው ስትነቃ አፍንጫዋ ታፍኗል፣ ራሷ ከብዷታል፤ ሙክታር ከአልጋው ግርጌ ቆሞ በደቃቁ ምልክቱ ‹አልሀምዱሊላህ› ይላል። ሙሉ ፊቱን አየች። ግራና ቀኙ ግን እንደነበረው ነው። ከጆሮዎቹ ወዲያ ምንም የለም።

«ነርቭ እንደ ሰው ነው» አለቻት ዶክተር ትርሲት። «ሲጫኑት ኖረው ሲለቁት ወዲያው አይነሣም። ጠብቂ።»

ጠበቀች። ከሳምንታት በኋላ በተደረገላት ምርመራ ምንም አልተለወጠም። ዶክተር ትርሲት ውጤቱን ስትነግራት ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ነጂሃ ደግሞ ፊት ማንበብ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነው። ቤት ስትመለስ በግድግዳው ላይ የተዘረጋውን ገመድ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የነካችው። ከኋላዋ የሚመጣውን፣ ስሙን የማታውቀውን ሰው ታስብ ነበር። ሙክታር ገመዱን እንደያዘች አይቷት መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

መጀመሪያ የተመለሰው ቀይ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ አካባቢ እጇን ለማፍታታት ብላ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ከፈተች። ለወራት ቡናማ መስሎ ሲታያት የነበረው ቀለም ቀይ ሆኖ ጠበቃት፤ እንደ በርበሬ ቀይ። ክዳኑን ከደነችው። እንደገና ከፈተችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር የሚጠፋ መሰላት። የጓሮውን በር ቀባችው። ከዚያ የጎረቤቱን በር ቀባች።

አንድ ጠዋት ደግሞ በዳቦ ቤቱ ደጃፍ የአንድ ወዳጃቸውን ባጃጅ ስትቀባ፣ ሙክታር በስተቀኟ ከባለቤቱ ጋር ያወራ ነበር። ሙክታር አንድ ልማድ አለው፤ ከሰሚ ጋር ሲያወራም እጁ ሳያስበው ምልክት ይሠራል። ነጂሃ ፊቷን ወደ ባጃጁ እንዳደረገች ድንገት ብሩሿን ጣለች። ዞረች።

«ማነው ሐሙስ ይደርሳል ያለህ?» አለችው። «ሐሙስ አይደርስም! ሳትጠይቀኝ ለሰው ቀን ትሰጣለህ?»

አንደበቱ ይህን ሁሉ በአንቱታ ተናገረ። የባጃጁ ባለቤት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። ሙክታር ግን አልሰማውም። ክንዱ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«እንዴት አወቅሽ?» አላት።

«አየሁህ...»

የተናገረችው ለራሷም የገባት ያኔ ነው። ሙክታር ቀስ ብሎ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፤ ጨርሶ ዘረጋው። ‹ሐሙስ› አለ ከሩቅ። ነጂሃ ባጃጁን ቀጥ ብላ እያየች፣ ‹ሐሙስ› ብላ መለሰችለት። ‹ዳቦ› አለ። ‹ዳቦ› አለች። ‹ፍየል› አለ። ነጂሃ አፏን በእጇ ይዛ ተቀመጠች። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ምድጃ ውስጥ ያለው ዳቦ አረረ።

ከዓመት በኋላ የመጨረሻው ውጤት ወጣ። ግራ ዐይኗ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። የቀኙ የላይኛው ጥግ ጨለማ ሆኖ ቀርቷል፤ የተከፈተ የመስኮት መዝጊያ እስከ ዛሬ ግንባሯን ይመታታል። ማኅበሩ ወደ ሥራዋ መለሳት፤ ለምን እንዳወጣት አልተነገራትም፣ ለምን እንደመለሳትም።

ከእሷ በኋላ ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ሌሎች ሰዎች በጥናቱ ስም በጊዜ ተሠራላቸው። ያዩ አሉ። ያላዩም አሉ፤ አንዲት የጅግጅጋ ሴት ምንም አልተመለሰላትም፤ ነጂሃ ሄዳ አብራት ዋለች። ማሽኑ ሁሉንም ተቀብሎ ቀስ በቀስ ራሱን ያርም፣ ዝቅተኞቹንም ቁጥሮች ከፍ ያደርግ ጀመር። ለውጡ በጋዜጣ አልወጣም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ዶክተር ትርሲት አስጠራቻት። ማዕከሉ የታከሙ ሰዎች ገና ያልታከሙትን እንዲያነጋግሩ ያደርግ ነበር። የተቀበለችው ሰው ኦብሳ ይባላል፤ ከጭሮ የመጣ የድንች ገበሬ፣ ረጅም፣ በሰው ከተማ የሚያፍር። የሱም እጢ ያው እዚያው ቦታ ነው። አንደበቱ ሲናገር ደንግጦ አንዴ አንገቷን፣ አንዴ እጇን እያየ ከተረጋጋ በኋላ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ትናንት ከጭሮ ስነሣ ቁጥርህ አርባ ሰባት ነው አሉኝ። ረጅሙ ሰልፍ ነው፣ ስምንት ወር ነው ብለውኝ ነበር። ዛሬ እዚህ ስደርስ ሃምሳ አንድ ነህ፣ ሰኞ ትሠራለህ ይላሉ። በአንድ ቀን መንገድ! አቦ፣ መንገድ ዐይን ያሽላል እንዴ?»

ነጂሃ አንብባ ጨረሰች። ዶክተር ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልትናገር አፏን ስትከፍት ነጂሃ እጇን ትንሽ አንሥታ ከለከለቻት።

«የቁልቢ ነፋስ ይሆናል» አለችው።

«የቁልቢ ነፋስ ይሆናል፣ ጌታዬ» አለ አንደበቱ።

ኦብሳ አሰበበት። «እውነትም» አለ። «ቁልቢ ላይ መስኮቱን ከፍቼው ነበር።»

ነጂሃ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ የሚጠይቀውን ሁሉ ጠየቃት፤ ያማል ወይ፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ይቆያል፣ መጥፎ ቢሆንስ። አንዱንም ሳትደብቅ መለሰችለት። የቀረባትን ጨለማም በእጇ አሳየችው፤ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ።

አንዲት ነርስ መጥታ ስሙን ጠራች። ኦብሳ ተነሣ፤ ሊሰናበታትም እጁን ዘረጋ። ነጂሃ ግን ተነሥታ በጎኑ በኩል ቆማ ስለነበር አላያትም፤ እጁ ማንም ወደሌለበት ሄደ። ነጂሃ ወደ ፊት ለፊቱ ገባችና እጁን ያዘችው።